ኮምቦልቻ ላሉት የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከደሴ የጆሮ ሕክምና ክፍል

ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈው ሰውየው በአደባባይ ስለማይታወቁ ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የአንገት በላይ ሐኪሞችን በስም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይገባቸዋልም። ሐኪሙ እጅ ላይ ያለችው ቀጭን ፎርሴፕስ (ጆሮ ውስጥ የገባን ነገር ይዞ ማውጫ መሣሪያ) ጫፏ ገጥሞ የያዘችውን እንዳትለቅ ያደረጉትን ሰው ግን ከእኛ ከነርሶች በቀር የሚያውቃቸው የለም። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ በጆሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መሣሪያውን የማጥበው፣ በእንፋሎት የማመክነው፣ ለሐኪሙም የማቀብለው እኔ ነኝ። ስለ እኚህ ሰው የመመስከር ዕዳ አለብኝ።

የጆሮ ፎርሴፕስ ሲባል ቤት ውስጥ እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ የሚታየው ሰው ይኖራል። ወረንጦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጥ ያለም አይደለም። ወደ ውጪ ያለው ክፍል ለስላሳ አጥንት ሲሆን ወደ ውስጥ ያለው ግን በስስ ቆዳ ብቻ የተሸፈነ ጠንካራ አጥንት ስለሆነ ትንሽ ሲነካ ያማል፣ ቶሎም ይደማል። መጨረሻው ላይ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ታምቡር አለ። እዚህ ውስጥ ሁለት እግሩን ከፍቶ የሚገባ ወረንጦ ግድግዳውን ይቧጭራል፣ የሐኪሙንም ዓይን ይጋርዳል።

አሊጌተር የምንለው ፎርሴፕስ የተሠራው ለዚሁ ነው። እጀታው እንደ መቀስ ይያዛል፤ ዘንጉ ከእጀታው በማዕዘን ታጥፎ ስለሚሄድ የሐኪሙ እጅ ከእይታው መስመር ወጣ ይላል። ዘንጉ ራሱ አይከፈትም። ላይኛው ቀጭን ብረት በታችኛው ላይ ሲንሸራተት የሚከፈተው ጫፉ ላይ ያለው፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው አፍ ብቻ ነው። የደብሊኑ ሐኪም ዊልያም ዋይልድ እና ጀርመናዊው አርተር ሃርትማን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስማቸው በጆሮ ፎርሴፕሶች ላይ ቀርቶ እስከ ዛሬ ይጠራል። እኛ ክፍል ካሉት ውስጥ አንዷ ዘንጓ ላይ ቱትሊንገን የሚል ተቀርጾባታል፤ በደቡብ ጀርመን የምትገኝ፣ በቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ይመስለኛል። ዛሬም ትሠራለች፤ እንድትሠራ ያደረጓት ደግሞ የኮምቦልቻው ሰው ናቸው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲበላሽ ጉዳቱ ከሩቅ አይታይም። ትሪ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ደህና ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ ሲጨብጥበት ግን ይንሸራተታል። ጫፉ በጸጉር ስፋት ቢዛነፍ ይበቃል። የተንሸራተተው ነገር ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁለተኛ ሙከራ፣ ሦስተኛ ሙከራ እየተባለ ታካሚው ልጅ ከሆነ ይፈራል፣ ራሱን ይወዘውዛል፣ ቱቦው ያብጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ሊያልቅ ይችል የነበረው ሥራ ማደንዘዣ ወዳለበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ መነሻው የደከመ ጫፍ ነው።

በአካባቢያችን ደግሞ የመሣሪያ ነገር ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በዙሪያዋ ያሉ የሕክምና ተቋማት መዘረፋቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ትልልቁ ማሽን ብዙ ተነግሯል፤ ትንንሹን መሣሪያ ግን ማንም አልቆጠረውም። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ያለው ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ነው። አዲስ ልግዛ ያለ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይልካል፣ ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል፣ ገዝቶ ያመጣው ዕቃም አንዳንዴ ከመጀመሪያው ቀን ጫፉ የማይገጥም ሆኖ ያገኘዋል። አሮጌውን ያሳየነው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ጣሉት፣ አይጠገንም።» ይህ መልስ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ጥሩ ብረት፣ ጥሩ አሠራር ያለው መሣሪያ ለአንዲት ላላች ብሎን ተብሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል?

ወደ እኚህ ሰው ያመላከተችን በሌላ ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ደረስኩ፤ ሱቃቸው ጠባብ ናት፣ ከውጪ የሬዲዮ መጠገኛ ትመስላለች። ሰውየው መጀመሪያ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እጃቸውን ያፍታቱ፣ በኋላም የሕክምና መሣሪያ ጥገና የተማሩ ናቸው። ያመጣሁትን ጥቅል ሲቀበሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ትከፍላላችሁ» አልነበረም። «ሲስተር፣ ሐኪሙ በዚህ ምን ይይዝበታል? ጨርቅ ነው፣ ሥጋ ነው፣ አጥንት ነው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን ጠጋኝ አልነበረም።

ከዚያ ያየሁትን ሥራ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ፎርሴፕሷን ዘግተው አምፖል ፊት ያዟትና ጠሩኝ። በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ጫፉ ላይ የብርሃን ክር ይታያል። «ይኸውልሽ፣ ሥሩ ቀድሞ ገጥሟል፣ ጫፉ ግን ተከፍቷል። ጫፉ ነው ቀድሞ መገናኘት ያለበት» አሉ። የመጋጠሚያዋን ብሎን ፈቱ፤ በሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ደርቆ የቆየውን እድፍ በለስላሳ ብሩሽ አወጡ፤ መንጋጋውን በትንሽ ሞርሳ ይዘው በጣም በዝግታ አቀኑት። ሲያቀኑ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጥቂት ይነኩና ወደ አምፖሉ ይመለሳሉ፤ እንደገና ጥቂት ይነካሉ። ብርሃኑ ሲጠፋ ከሽርጣቸው ጫፍ አንዲት ቀጭን ክር መዘዙና ፎርሴፕሷን አስይዘው ሳቡት። ክሩ ተበጠሰ እንጂ አልተንሸራተተም። ከዚያ በኋላ ነው የመሣሪያ ዘይት ጠብ አድርገው በእጄ የሰጡኝ፣ «አንቺም ሞክሪው» ብለው።

የበለጠ ያከበርኳቸው ግን ባልሠሩት ሥራ ነው። ከወሰድኳቸው መካከል አንዷ የመንጋጋዋ መያዣ ሚስማር አጠገብ ስንጥቅ ነበራት፤ በማጉያ ካልሆነ አይታይም። እኔ እንድትጠገን ፈልጌ ነበር፤ ገንዘቡም በእጄ ነበር። «ብበይድልሽ ለጥቂት ጊዜ ትሠራለች፤ አንድ ቀን ግን መንጋጋዋ ተነቅሎ ሰው ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ይህችን ከዚህ በኋላ ጆሮ ውስጥ አታስገቧት» አሉና ስንጥቁን በቀለም ምልክት አድርገው፣ ምንም ሳያስከፍሉ መለሱልኝ። ሐኪማችን በማይክሮስኮፕ ሲያያት «ልክ ናቸው» አለ። ከአገልግሎት ውጪ አደረግናት። ለመክፈል ለተዘጋጀ ደንበኛ «አይሆንም» የሚል ጠጋኝ ስታገኙ አትልቀቁት።

ሌላው ውለታቸው ስለ በረኪና የነገሩኝ ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው 0.5 በመቶ የበረኪና ውህድ ውስጥ መሣሪያን ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው፤ ነገር ግን ሥራ ሲበዛ 10 ደቂቃው ግማሽ ቀን ይሆናል፣ አንዳንድ ቦታም መሣሪያው እዚያው ያድራል። አይዝጌ ብረት እንኳ ቢሆን ክሎሪን ይበላዋል። የበላበትን ቦታ በማጉያ መነጽራቸው አሳዩኝ፦ ብረቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጉድጓዶች። እድፍ እዚያ ውስጥ ይደበቃል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል፣ ስንጥቁም እንዲሁ። አሁን እኛ ክፍል ውስጥ መሣሪያ እንደተነሳ ወዲያው ይታጠባል፣ መጋጠሚያው ተከፍቶ ይቦረሻል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ይገባል። ስስ ጫፍ ያላቸው ከከባዶቹ ጋር በአንድ ትሪ አይጣሉም። በዚህ ምክንያት ወደ ኮምቦልቻ የምልከው ሥራ ቀንሷል። ሰውየው ገቢያቸውን የሚቀንስ ምክር ነው የሰጡኝ፤ ልብ በሉልኝ።

በቅርቡ ከሐይቅ ከተማ በኩል አንዲት እናት ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጆሮው የሰነበተ፣ የሚሸት ፈሳሽ ነበረበት። ሐኪማችን ሲያይ ከፍራሽ የተቦጨቀ የስፖንጅ ቁራጭ ነው፤ ልጁ ራሱ ከትቶት ኖሯል። ስፖንጅ ለአሊጌተር የተመቸ ነው፤ ጥሩ ጫፍ ካገኘ ይያዛል፣ መጥፎ ጫፍ ግን እየቆረሰ ይተወዋል። እናትየው ልጁን እቅፍ አድርገው ያዙ፣ እኔ ራሱን ደገፍኩ፣ ሐኪሙ ጆሮውን ሳብ አድርጎ ያችን የቱትሊንገኗን አስገባ። አንድ ጊዜ ያዘ፣ አንድ ጊዜ ሳበ፣ ሙሉው ወጣ። ልጁ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘም። እናትየው «አልሃምዱሊላህ» ብለው ሐኪሙን መረቁት፣ እኔንም መረቁኝ። የዚያ ምርቃት ግማሽ ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ነበረበት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሳኝም ይኸው ነው።

ወላጆች ስለምታነቡት አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለቦታው ቢመስልም ይጠቅማል። ልጅ ጆሮው ውስጥ ነገር ከከተተ ቤት ውስጥ በወረንጦ፣ በክብሪት እንጨት ወይም በጸጉር መያዣ አትሞክሩ። ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም በቆሎ ከሆነ ውሃ አታፍስሱበት፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ጨሌንና ሌላ ድቡልቡል ነገር ሐኪምም ቢሆን በፎርሴፕስ አይዝም፤ ስለሚያመልጠውና ወደ ውስጥ ስለሚገፋው በመንጠቆ ወይም በመምጠጫ ያወጣዋል። ከሁሉ የሚከፋው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆዳውንና ታምቡሩን ያቃጥላል፤ ምንም ጠብታ ሳትጨምሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳታሳድሩ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ወደ ጠጋኙ ልመለስ። ይህ መልእክቴ በተለይ በደቡብ ወሎ ለምትሠሩ የጤና ጣቢያ፣ የክሊኒክና የሆስፒታል ባልደረቦቼ ነው። በየመደርደሪያው «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ የጆሮ ፎርሴፕስ፣ የጥርስ መሣሪያ፣ ስስ መቀስ ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ለእኚህ ሰው አሳዩት። የሚጠግኑትን በአግባቡ ይጠግናሉ፤ የማይጠገነውን አይጠገንም ይሏችኋል። የሚያስከፍሉት ከአዲስ ዕቃ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሠሩትም ከተመለሰባቸው ያለ ክርክር ደግመው ያያሉ። ጥድፊያ ግን አይወዱም። «ነገ ጠዋት ይድረስልኝ» ለሚል ሰው አይሆኑም፤ እኔም ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ ያን ሥራ በጥድፊያ መሥራት አይቻልምና።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ። ስትልኩ አደራ የምላችሁ፣ መሣሪያውን አጥባችሁ፣ አምክናችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ላኩ። ደም የነካ ዕቃ እንዳለ በላስቲክ ከትተው የሚልኩላቸው እንዳሉ አይቻለሁ፤ እኚህ ሰው በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት፣ ልጆችም አሏቸው። ጓንት በካርቶን ወስጄላቸዋለሁ፤ ሌሎቻችሁም ስትሄዱ ያዙላቸው። ጥቅሉ ላይ መሣሪያው ምን እንደሚይዝበትና ችግሩ የት እንደሚታይ በሁለት መስመር ጻፉ፣ ይጠይቋችኋልና። አርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሚሄዱ ሱቁ ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይከፍታሉ። መኪና ተሳፍራችሁ መሄድ የማይመቻችሁ ደሴ ያላችሁ ደግሞ፣ እኔ በየጊዜው ስለምወርድ ክሊኒካችን ድረስ ብታመጡልኝ ከእኛው ጋር አደርስላችኋለሁ።