ለሀንቲንግተን በሽታ ጥናት የትኛው የአይጥ ዝርያ ይገዛ? የአር 6/2፣ የያክ 128፣ የባክ ኤች ዲ እና የዜድ ኪው 175 ንጽጽር

በጥቁር አንበሳም ሆነ በአራት ኪሎ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የሀንቲንግተንን በሽታ (በውርስ የሚተላለፍና እንቅስቃሴንና አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያበላሽ የአንጎል በሽታ) በአይጥ ላይ ለማጥናት ሲያቅዱ፣ በውጭ አገር አቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ዘረመላቸው የተለወጠ ብዙ ዝርያዎችን ያገኛሉ። ሁሉም «የሀንቲንግተን አይጥ» ተብለው ቢጠሩም አንዱ በሌላው የሚተካ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስሙ በጥናት ጽሑፎች ደጋግሞ የሚነሳው ወይም ቶሎ ውጤት ያሳያል የሚባለው ነው፤ ለአዲስ አበባ ገዢ ግን ቶሎ የምትታመመው አይጥ ብዙ ጊዜ ጥናቱን የምታዘገየው ናት።

በሽታው የሚመጣው በሰው 4ኛ ክሮሞሶም ላይ በሚገኘው የሀንቲንግቲን ዘረመል መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ሲ.ኤ.ጂ. የተባሉት ሦስት የዲ ኤን ኤ ፊደላት ከልክ በላይ ሲደጋገሙ ነው። ይህ የታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር። ድግግሞሹ ከ36 እስከ 39 ሲሆን በሽታው ሊታይም ላይታይም ይችላል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሰውየው በቂ ዕድሜ ከኖረ መታመሙ አይቀርም። የአይጥ የራሷ ዘረመል 7 ያህል ድግግሞሽ ብቻ ስላለው በተፈጥሮ በዚህ በሽታ የምትያዝ አይጥ የለችም፤ ዕድሜዋም አጭር በመሆኑ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ከሚታየው እጅግ የረዘመ ድግግሞሽ ካልተሰጣት ምልክት ሳታሳይ ትሞታለች። ስለዚህ ገዢው ስለ እያንዳንዱ ዝርያ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ የገባው የዘረመሉ ቁራጭ ነው ወይስ ሙሉው፣ የገባው በአይጧ ዘረመል ትክክለኛ ቦታ ነው ወይስ በሌላ ስፍራ፣ ድግግሞሹስ ንጹሕ ሲ.ኤ.ጂ. ነው ወይስ ሲ.ኤ.ኤ. (ለፕሮቲኑ ያንኑ ትእዛዝ የሚሰጡ ሌሎች ሦስት ፊደላት) የተቀላቀለበት። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዛሬ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አር 6/2 የተሠራው በለንደን በጊሊያን ቤትስ ቡድን ሲሆን ለኅትመት የበቃው በ1996 ነው። የያዘው የሰውን ዘረመል የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው። ምልክቱ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ክብደት ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ ይዛባል፣ አይጧ በጅራቷ ስትነሳ እግሮቿን ትቆልፋለች፣ አንዳንዶቹም የሚጥል በሽታና ስኳር ይይዛቸዋል። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 15 ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። በታማሚ የነርቭ ሴሎች ኒውክለስ ውስጥ የሚታየው የፕሮቲን ጥርቅም በመጀመሪያ በግልጽ የታየው በ1997 በዚሁ ዝርያ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ስለ ፕሮቲን መጠራቀም ከሆነ አር 6/2 ዛሬም ተወዳዳሪ አለው ለማለት ያስቸግራል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ክሬቲን የተባለው የምግብ ማሟያ በዚህ ዝርያ ላይ ዕድሜ አራዝሞ ነበር፤ በታካሚዎች ላይ የተደረገው ትልቅ የክሬቲን ሙከራ ግን ጥቅም ስላላሳየ በ2014 ተቋርጧል። በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጥቶ የነበረው ሌላው ማሟያ ኮኤንዛይም ኪው 10ም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። በአር 6/2 ብቻ የተገኘ የመድኃኒት ውጤትን በጥርጣሬ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላው ጉዳይ ድግግሞሹ ከትውልድ ወደ ትውልድ መቀያየሩ ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ 120 እና 160 ገደማ ድግግሞሽ ያላቸውን ሁለት መስመሮች ለይቶ ያቀርባል፤ ድግግሞሹ ከ300 ሲያልፍ ደግሞ፣ ከሚጠበቀው በተቃራኒ፣ በሽታው ይዘገያል። የድግግሞሹን ቁጥር ሳይጠይቁ አር 6/2 መግዛት ምን እንደተገዛ አለማወቅ ነው።

የቅርብ ዘመዱ አር 6/1 115 ገደማ ድግግሞሽ ስላለው ቀስ ብሎ ይታመማል፤ ኤን 171-82 ኪውም ሌላ የቁራጭ ዝርያ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለአዲስ ጀማሪ ግን በተለይ የሚመከሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙሉውን የሰው ዘረመል ከያዙት ውስጥ ያክ 128 በ2003 በቫንኩቨር፣ ባክ ኤች ዲ ደግሞ በ2008 በሎስ አንጀለስ ተዋውቀዋል። በያክ 128 የእንቅስቃሴ ጉድለት በ6 ወር ገደማ፣ የስትራያተም (እንቅስቃሴን በመቆጣጠር የሚሳተፍ የአንጎል ክፍል) መኮማተር ደግሞ በ9 ወር ገደማ ይታያል፤ አካሄዱ ዝግ ያለ በመሆኑ ከታካሚው ጋር የበለጠ ይቀራረባል። ባክ ኤች ዲ 97 ድግግሞሽ ያለው ሲሆን፣ ተመራማሪው በሚመርጠው የሴል ዓይነት ውስጥ ጎጂውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሁለቱም ከሰው ታካሚ በተቃራኒ ክብደት ይጨምራሉ፤ የተጨማሪው ክብደት ጉዳይ በሮታሮድ (አይጧ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ምን ያህል እንደምትቆይ የሚለካ ፈተና) ውጤት ላይ ጥላ ማጥላቱም አይቀርም። ሁለቱም በመጀመሪያ የተሠሩበት ኤፍ ቪ ቢ የተባለው ዝርያ ደግሞ በውርስ የዓይን ሬቲና መበላሸት ስላለበት፣ በማየት ላይ የተመሠረተ የማስታወስ ፈተና ለእነርሱ አይሆንም። ለዕውር አይጥ ምልክት ለጥፎ መንገድ እንድታገኝ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ በላይ በሁለቱም ድግግሞሽ ውስጥ ሲ.ኤ.ኤ. ተሰንቅሯል። ይህ ፕሮቲኑን አይለውጠውም፤ ድግግሞሹ በአይጧ ዕድሜ ውስጥ በአንጎል ሴሎች እየረዘመ እንዳይሄድ ግን ያግደዋል። በ2015 የወጣው ሰፊ የታካሚዎች የዘረመል ጥናት በሽታው የሚጀምርበትን ዕድሜ ዲ ኤን ኤ የሚጠግኑ ዘረመሎች ሊያፋጥኑት ወይም ሊያዘገዩት እንደሚችሉ ካመለከተ ወዲህ፣ ትኩረቱ በአመዛኙ ወደዚህ መርዘም ዞሯል። ይህን ሊያጠና የሚፈልግ ሰው ያክ 128ን ወይም ባክ ኤች ዲን ከገዛ የሚያጠናው ነገር በእንስሳው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆኑት ድግግሞሹ በአይጧ በራሷ ዘረመል ቦታ ላይ የገባባቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኪው 111 በአንጎል ውስጥ የድግግሞሹን መርዘም ለመከታተል ምቹ ነው፤ የሚታይ የባሕርይ ጉድለቱ ግን ቀላልና የዘገየ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዜድ ኪው 175 ድግግሞሹ በራሱ ረዝሞ ከተገኘ እንስሳ የመነጨና በ2012 የቀረበ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የተለወጠውን ዘረመል የወረሱት፣ እንደ አብዛኞቹ ታካሚዎች ማለት ነው፣ በ4 ወር ተኩል አካባቢ የእንቅስቃሴና የቀንና ሌሊት ምት መዛባት ያሳያሉ። የሀንቲንግቲንን ዘረመል ዝም የሚያሰኙ፣ ማለትም ፕሮቲኑ እንዳይመረት የሚያደርጉ፣ የሰውን ዘረመል ብቻ የሚለዩ መድኃኒቶችን ለሚሞክር ግን የአይጥ ዘረመል አይበቃውም፤ ሁለት የሰው ዘረመል የያዘው ኤች ዩ 97/18 የተሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ዕድሜዋ 15 ሳምንት የማይሞላ አይጥ በቦሌ ጉምሩክ፣ በእንስሳት ጤና ፈቃድና በውጭ ምንዛሪ ጥበቃ የሚያልፈውን ጊዜ አትችለውም፤ ደርሳም ከ2,300 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ጋር እስክትላመድ ምልክቱ ይጀምራል። እዚሁ ላርባ ቢባል ደግሞ የአር 6/2 እንስቶች መካን ናቸው፣ ወንዶቹም የሚያስረግዙት ለአጭር ጊዜ ነው። የሚጥል በሽታውን ድንገተኛ ድምፅ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ጄኔሬተሩ ከእንስሳት ቤቱ ግድግዳ ጋር በተጠጋበት ግቢ ማርባቱ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። ዜድ ኪው 175 በደንብ ይራባል፤ አንዴ ጥቂት ጥንዶች ከገቡ በኋላ የሚራባውን መንጋ ከጤነኛ እኅትና ወንድም ማነጻጸሪያዎች ጋር እዚሁ ማቆየት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ መብራት ሲቋረጥ የ12 ሰዓት የብርሃንና የጨለማ ዑደት ይዛባል፤ የዚህ ዝርያ የቀንና ሌሊት ምት ራሱ የሚለካ ነገር በመሆኑ ባትሪ ያለው የመብራት መቆጣጠሪያ ሳይኖር መጀመር የለበትም።

ስለዚህ ከዜሮ ለሚነሳ ቤተ ሙከራ የእኔ ምርጫ ዜድ ኪው 175 ነው፤ ከአንድ ሴል ዓይነት ዘረመሉን ማውጣት ለሚሻ ባክ ኤች ዲ፤ የፕሮቲን ጥርቅም ብቻ ለሚመለከት ግን ሕያው አር 6/2 ከማስመጣት ይልቅ የተዘጋጀ የአንጎል ናሙና ከተባባሪ ቤተ ሙከራ ማግኘት ይሻላል። በፎርማሊን የታከመ ናሙና ደረቅ በረዶም አይፈልግም።

የግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠይቅ አንድ አቅራቢ ብቻ ያለው ዝርያ እንደሚያስቸግር ይታወቃል፤ የአንድ አቅራቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ አስቀድሞ ማያያዝ ይረዳል። በመግለጫው ላይ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው የተለመደ ሐረግ መውጣት አለበት፤ በምትኩ የዝርያው ሙሉ ስም፣ የአቅራቢው የመለያ ቁጥር፣ የድግግሞሹ ብዛት ከነወሰኑ፣ የመነሻ ዝርያው፣ ጾታውና የሚላክበት ዕድሜ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ እንስሳ የጅራት ናሙና የተወሰደ የድግግሞሽ ልኬት ከዕቃው ጋር እንዲመጣም ይጠየቅ።