ኦሮማይ፣ ፍቅር እስከ መቃብር፣ አደፍርስ፦ በዚህ ተራ ቢነበቡ

ሰሞኑን አንብበን የጨረስናቸው እነዚህ ሦስት ልቦለዶች ከአማርኛ አንባቢ መደርደሪያ አይጠፉም፤ ገጻቸው መሀል ላይ ታጥፎ የሚቀሩትም እነሱው ናቸው። ረጅም ልቦለድ ያለመደ ሰው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይጀምርና ይደክማል፤ ወይም «አደፍርስ»ን ይከፍትና ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋበታል። የንባብ ተራውን መለወጥ ብቻ ብዙ ያቃልላል።

መጀመሪያ «ኦሮማይ»። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ የበዓሉ ግርማ ሥራ በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለማርያም አንደበት ስለሚተረክ አንባቢው ከአንድ ድምፅ ጋር ይጓዛል። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ በቀን 50 ገጽ የሚያነብ ሰው ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ታሪኩ የቆመው በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። ዘመቻው የደርግ መንግሥት የኤርትራውን ጦርነት ለመደምደም ያሰበው እንደነበር፣ የታጋዮቹ ምሽግ የነበሩት የናቅፋ ተራሮች ግን ሳይያዙ እንደቀሩ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ሲሆን «አበቃ፣ ከእንግዲህ የለም» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጸጋዬ ከአስመራዋ ፊያሜታ ጊላይ ጋር የያዘውን ፍቅር ነው። በእኛ ሚዛን ግን የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ባለሥልጣኖቹ ስብሰባ ላይ በሚሉትና ከስብሰባ ወጥተው በሚሉት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ እነዚያን ክፍሎች እየዘለለ የሚያልፍ ሰው መጽሐፉ ለምን ከገበያ እንደተሰበሰበ አይገባውም። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ወደ ሁለተኛው ከመሄድ በፊት ስለ ቅጂ አንድ ነገር። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት መካከል ከፎቶ ኮፒ የተባዙ አሉ። በአማርኛ ፊደል «በ»ን ከ«ቡ»ና ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ጭረቷ ትጠፋለች፤ አንባቢው በየመስመሩ እየገመተ ይሄዳል፤ ድካሙንም በደራሲው ያሳብባል። ከመክፈል በፊት መሀሉን ገልጦ ጭረቶቹ መታየታቸውን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የገጽ ቁጥሮቹን በየ16 ገጹ ማየት ያስፈልጋል። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በ16 ወይም በ32 ገጽ ጥራዝ ስለሚሰበሰብ፣ ሲጎድልም ሲደገምም አንድ ጥራዝ ሙሉ ነው። ለወፍራም መጽሐፍ ጀርባውን በጥቂቱ ለጠጥ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ሙጫው የሚሰነጠቅ ከሆነ እዚያው ያስታውቃል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሌሊት 25 ገጽ ቢነበብ ሦስት ሳምንት ግድም ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ማፍጠን አይመከርም፤ የሐዲስ ዓለማየሁ አረፍተ ነገር ረጅምና ባለ ብዙ እጥፍ ነውና ሲቸኩሉበት ሐሳቡ ይበተናል። ሽፋኑ ውስጥ አንድ ወረቀት አጣብቁና ሁለት ቤት ጻፉበት፦ በአንዱ ቦጋለ መብራቱ፣ ውድነሽ በጣሙና በዛብህ፤ በሌላው ፊታውራሪ መሸሻ፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትና ሰብለወንጌል። ከባላባት ወገን ሆኖ ሥርዓቱን የሚተቸውን ጉዱ ካሳን በሁለቱ መካከል አስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚያቆመው መጀመሪያው ላይ፣ ገና ሰብለ ሳትመጣ ነው። የፍቅር ታሪክ ፈልጎ የመጣ ሰው የበዛብህን ወላጆች ታሪክ እንደ መንደርደሪያ ቆጥሮ ይዘልለዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለት የበዛብህን ዕድሜ ሙሉ የሚያስር ገመድ ነው፤ ይህን ያለፈ ሰው በኋላ የልጁን ፍርሃትና ጸጸት ድክመት አድርጎ ያነበዋል። ርስት (በዘር የሚወረስ መሬት)፣ ጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት)፣ ጭሰኛ (በሌላ ሰው መሬት የሚያርስ)፣ ባላባት (የመሬት ጌታ) የሚሉትን ቃላት ትርጉም ለይቶ መያዝም ግድ ነው፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ከፊታውራሪው ጋር የሚጋጩበት ክፍል ያለ እነሱ ተራ ጠብ ይመስላል። ያ ክፍል ለእኛ የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ ነው፤ ፍቅሩንም ይበልጣል። በሬዲዮ የተላለፈው የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ዛሬም ይገኛል፤ ምዕራፉን አንብቦ ከዚያ ማዳመጥ የጉዱ ካሳን ረጃጅም ንግግሮች ነፍስ ይዘራባቸዋል። አስቀድሞ የሰማ ሰው ግን ሲያነብ የተራኪውን ድምፅ እንጂ የራሱን አይሰማም።

«አደፍርስ» መጨረሻ ይሁን። የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ይላኩ በነበረበት ዘመን፣ አደፍርስ በደብረ ሲና አካባቢ መምህር ሆኖ ይመጣል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ታሪክ የሚጠብቅ ሰው ይቸገራል፤ መጽሐፉ የሚራመደው በንግግር ነው፤ ደራሲው አልፎ አልፎ እንኳ ገብቶ «ይህ ማለት እንዲህ ነው» አይልም። እርሳስ ይዞ በየንግግሩ ዳር የተናጋሪውን ስም የመጀመሪያ ፊደል መጻፍ፣ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ደግሞ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነገሩን ይፈታል። ተረትና ምሳሌዎቹን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው፤ የሰሜን ሸዋው አነጋገር ምቱ የሚገኘው በጆሮ ነው። አደፍርስን ብቻ መከተልም ያሳስታል። የአገሬው ሰው የሆነችው ወይዘሮ አሰጋሽ ስትናገር ቀስ በሉ፤ ልጁ በመጽሐፍ ዕውቀት የሚያነሳው ክርክር ሁሉ የሚፈተነው በእሷ ዓይነቶቹ ሰዎች ፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም የእነሱ መልስ ከእሱ ጥያቄ ይጠልቃል።