ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቤት ልትገዙ ነው? ሦስቱን የሰፈር ዓይነት በእግር እናነጻጽር

ሻጩ "ሱቁም ትምህርት ቤቱም ከ500 ሜትር አይርቅም" ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። በአየር ነው በእግር?

ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ቤት ሳይ ከሳሎኑ መስኮት የሱፐርማርኬቱ ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አበቃ፣ ይሄን ነው የምገዛው አልኩ። ከዛ እስቲ በእግሬ ልሞክረው ብዬ ወጣሁ። በመሃል አጥር አለ። ወደ ሰፈሩ ዋና በር ዞርኩ። ከበሩ ወዲያ ሰፊ አስፋልት ነው፣ ዳሩ ላይ የእግረኛ መንገድ የለም፣ ማቋረጫውም ያለው ከሱቁ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ እሱን ብዬ ሄጄ እንደገና መመለስ ነበረብኝ። 23 ደቂቃ። ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ በአየር ግን 200 ሜትር አይሞላም። ቤቱን ተውኩት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰው በደቂቃ ወደ 80 ሜትር ይራመዳል። 400 ሜትር 5 ደቂቃ፣ 800 ሜትር 10 ደቂቃ ነው። አሜሪካዊው የሰፈር ፕላን አዋቂ ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ትምህርት ቤቱን መሃል ላይ አድርጎ ቤቶቹን በሩብ ማይል፣ ማለትም በ400 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያስቀመጠው በዚሁ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው።

የመጀመሪያው መንገዶቹ እንደ መረብ የሚቋረጡበት ሰፈር ነው። ብዙውን ጊዜ ቆየት ያለ ነው። ከቤት ስትወጡ በግራም በቀኝም ትደርሳላችሁ፣ አንዱ ቢቆፈር በሌላው ነው። ኮርነሩ ላይ ሱቅ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ከአራት አቅጣጫ ሰው ያልፍበታል። ጉዳቱስ? አቋራጭ የሚፈልግ መኪና ሁሉ በበራችሁ ያልፋል፣ ግቢው ጠበብ ይላል፣ ቤቱም አርጅቶ እድሳት ሊፈልግ ይችላል። እኔ ብሆን ይሄንኑ ነው የምወስደው፣ መኪና ለማይነዳ ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው አንድ መግቢያ ብቻ ያለውና መንገዶቹ ጫፋቸው የተዘጋ ሰፈር ነው። ጸጥታውን አልክድም። አላፊ መኪና የለም፣ ልጆች በር ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ግን ሁሉም ነገር ዙሪያ ጥምጥም ነው። ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ፣ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች በእግር አንድ ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ።

የሚገርመው ሐሳቡ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊዎቹ አርክቴክቶች ክላረንስ ስታይን እና ሄንሪ ራይት በኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ራድበርን የሚባለውን ሰፈር ሲያስጀምሩ የመኪናውን መንገድ ዘጉ እንጂ የእግረኛውን አልዘጉም። ከቤቶቹ በሌላው ወገን የእግረኛ መንገድ አለ፣ ወደ መናፈሻው ይወስዳል፣ በዋናው አስፋልት ስርም ያሳልፋል። በኋላ የቀዱት አብዛኞቹ የተዘጋውን መንገድ ወሰዱና የእግረኛውን መንገድ ረሱት! ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቤት ስታዩ እስከ ጫፉ ሂዱ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቤቶች መሃል ለእግረኛ የተተወች ቀዳዳ ካለች ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ነው፣ ትንንሽ ልጆች ላሉት ከመረቡም ይሻላል። የሆላንዷ ከተማ ሃውተን በዚህ ነው የምትታወቀው፦ መኪና በዙሪያዋ ባለው ቀለበት መንገድ ይዞራል፣ እግረኛና ብስክሌት በመሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው "የራሱ ማዕከል ያለው" የሚባለው አዲስ መንደር ነው። በወረቀት ላይ የሚያህለው የለም። ዛፍ፣ አደባባይ፣ ከስር ሱቅ ከላይ ቤት። ችግሩ ሱቁ የሚመጣው ሰው ከገባ በኋላ መሆኑ ነው፣ ቤቶቹ ተራርቀው ከተሠሩ ደግሞ በእግር የሚደርስ ገዢ ስለሚያንስ ቢከፈትም አይቆይም። የተከፈተውን እንጂ የተሳለውን አትግዙ። የመሬቱን አጠቃቀም ፕላንም ጠይቁ፣ ቦታው ለመኖሪያ ብቻ ተብሎ ከተመደበ የምትጠብቁት የኮርነር ሱቅ መቼም ላይመጣ ይችላል።

ዎክ ስኮር የሚባለው፣ አንድ አድራሻ ለእግረኛ ምን ያህል እንደሚመች ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጠው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። አካባቢያችሁን የሚሸፍን ከሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን በዋናነት ቅርበትን ነው የሚለካው። መንገዱ ማታ መብራት ይኑረው አይኑረው፣ የሕጻን ጋሪ ያሳልፍ አያሳልፍ አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ እግራችሁ ነው። አንድ ቀን ከመሸ በኋላ፣ በሁለት እጅ ዕቃ ይዛችሁ፣ ከፋርማሲው እስከ ቤቱ ተመለሱ። አስፋልቱን ስታቋርጡ ከሮጣችሁ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን አትልኩበትም ማለት ነው።

ስለ ዋጋ ደግሞ፦ ሁለተኛው ዓይነት ሰፈር ርካሽ ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ሁለተኛ መኪና የሚያስገዛችሁ ከሆነ ግን ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን የቤቱ ብድር በሚቆይበት ዓመት ሁሉ አባዙና ከቤቱ ዋጋ ላይ ደምሩት። ያኔ መረቡ ውስጥ ያለው ጠባብ ቤት ያን ያህል ውድ ላይሆን ይችላል።

የግድ የተዘጋው ሰፈር ውስጥ ነው የምንገባው ካላችሁም መግቢያው አጠገብ ያለውን ቤት ያዙ። ሻጮች ጸጥ ይላል እያሉ የሚያሞግሱት ጫፍ ላይ ያለውን ነው፣ እዛ ለምትገቡ ግን እስከ በሩ ያለው መንገድ ጠዋትም ማታም የእናንተው ነው።