የአያቴን ምንሽር ዋንዛ አለበስኩት፤ ክረምቱን ካየሁ በኋላ የምለው

አሮጌ ጠመንጃ አዲስ እንጨት ሲፈልግ አብዛኛው ሰው መልኩን ነው የሚያየው። ቀለሙ መሰለ? ቅርጹ ልክ መጣ? እኔ ግን በጋውንም ክረምቱንም ካየሁ በኋላ የምለው ሌላ ነው። መታየት ያለበት ውስጡ ነው፤ ብረቱ የሚተኛበት ቦታ። እሱ ከተበላሸ የውጪው ማማር ምንም አይጠቅምም። የኔው በዚህ በኩል አኩርቶኛል። ያስከፋኝም ነገር አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጠመንጃው ምንሽር ነው፤ የጣሊያን ጦር ሞዴል 1891 ያለው ረጅሙ ካርካኖ። ጥይቱ 6.5 ሚሊሜትር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ29 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስድስት ጥይት ከነብረት ማቀፊያው በአንዴ ይጎርሳል፤ ማቀፊያው ባዶ ሲሆን ከታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ቱቦው ላይ ቴርኒ የሚለው የፋብሪካው ከተማ ስም አሁንም ይነበባል።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያለበት ቤት ብርቅ አይደለም። ጣሊያን ከተማዋን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያዘ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉም እዚሁ ሆነ። የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀ። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት ብዙ ምንሽር ከጣሊያን እጅ ወደ አርበኛው እጅ ገባ። አያቴም ይህን የማረከው ነው ይባላል። ለኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

የድሮው እንጨት አንገቱ ላይ፣ ማለት እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ተሰብሮ በጠፍር ታስሮ ነበር። ጠፍሩ ላይ ደግሞ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በየገጠሩ ያየሁት አሮጌ ጠመንጃ ብዙው እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው። አያቴ ያሰረው ጠፍር ስለሆነ አልነካሁትም፤ እንጨቱን እንዳለ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። እናንተም የድሮውን አትጣሉ። አንደኛ ቅርስ ነው። ሁለተኛ ለአዲሱ ከሱ የተሻለ ልኬት የትም አታገኙም። በሰደፉ ጎን ያለው ክብ የፋብሪካ ማህተም ራሱ በአዲስ እንጨት አይተካም፤ አስመስሎ መቅረጽም ተገቢ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም። የኛው የተመዘገበ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥና በበዓል የሚወጣ እንጂ የሚተኮስበት አይደለም። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አያያዝና ስለ አቀማመጥ ነው። አናጺው ጋ ስሄድም መቀርቀሪያውን፣ ማለት ጥይት የሚያጎርሰውን ተንቀሳቃሽ ብረት፣ አውጥቼ ቤት ቆልፌበት ነበር፤ ብረቱንም ወርክሾፕ ውስጥ አላሳደርኩም። ሥራው በዚህ ምክንያት ረዘመ፤ ቢሆንም መደረግ ያለበት እንዲህ ነው።

ውጭ አገር ዋልነት ከሚባል ዛፍ ተሠርቶ የሚሸጥ የጠመንጃ እንጨትም አለ። አንድ የአባቴ ወዳጅ ለማውዘሩ ከውጭ አስመጥቶ አይቼዋለሁ። በማሽን የተጠረበ ነው፤ ውጪው ያምራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ግማሽ የተጠረቡ መሆናቸውን ነው። ብረቱን አስገብተህ ብሎን አጥብቀህ አትጨርስም። ብረቱ እስኪተኛ ድረስ በእጅ መላግ፣ መሞረድ አለበት። ደግሞ ለማውዘርና ለእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ብዙ ምርጫ አለ፤ ለካርካኖ ያን ያህል አይደለም። ሲገኝም ሞዴሉ መለየት አለበት። የፈረሰኛው አጭር ካርካኖ መቀርቀሪያው ወደ ታች የታጠፈ እጀታ አለው፣ እንጨቱም ለሱ ተብሎ ጎኑ ላይ ተቦርብሯል። የረጅሙ እጀታ ቀጥ ያለ ነው። ያንን ለዚህ ልግጠም ቢሉት አይሆንም።

እኔ ዋንዛ መረጥኩ። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ወይራ ደግሞ ክብደቱ ለብቻው ይከብዳል፤ ለዱላ እንጂ ከአንድ ሜትር በላይ ለሆነ እንዲህ ላለ ሥራ አልደፍረውም። የኔው እንጨት ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የበር ሳንቃ ነው። በርነቱ ብዙ ዘመን ስላደረቀው ከዚያ በኋላ የሚያመጣው አዲስ ጠባይ አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ እርጥብ ዋንዛ በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን በእርጥብ እንጨት ላይ የተሠራ ልክ በደረቀ ጊዜ ልክ አይሆንም። ለዚህ ሥራ ሦስት ዓመት ያልደረቀ እንጨት አልወስድም።

አናጺው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሳንቃውን አገላብጠው ሲያዩ እኔ አንዱን ጎን ወደድኩት። የዕድገት ቀለበቱ ሞገድ ይመስላል።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ቢሆንስ?»

«ያምራል ልጄ። ግን አንገቱ ጋ ስደርስ ጅማቱ ተቆርጦ ያልፋል። የአባቶችህ ጠመንጃ ለምን አንገቱ ላይ የተሰበረ ይመስልሃል?»

እውነታቸውን ነው። የእንጨቱ ጅማት ከአንገቱ ጋር አብሮ ወደ ሰደፉ መውረድ አለበት። አግድም ካቋረጠው ጠመንጃው አንድ ቀን ከእጅ ወድቆ ድንጋይ ሲነካ ያበቃለታል። እሳቸው የመረጡት ጎን ተራ ይመስላል። ዛሬ ሳየው ግን ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ እና ይህ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

ብረቱን የማስተኛቱ ሥራ በጥላሸት ነው የተሠራው። የኩራዝ ጥላሸት በትንሽ ዘይት ይለወስና ብረቱ ላይ በስሱ ይቀባል። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተጭኖ ይወጣል። እንጨቱ ላይ ጥቁር የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው፤ እሱ ብቻ በመሮ ይላጋል። እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይጫናል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ አቋራጭም የለውም። ዋናው ቦታ ደግሞ ከቱቦው ሥር ወደ ታች የወጣችው ጉብታ ነች። ጠመንጃ ሲተኮስ የሚገፋውን ኃይል ወደ እንጨቱ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ከበስተኋላዋ ክፍተት ካለ ብረቱ እየተንቀሳቀሰ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ባይተኮስበትም ይህ ቦታ እንዲገጥም ጠየቅኩ። እንጨት ስትሠራለት በክብር ሥራለት ነው የምለው።

የብረት ክፍሎቹ ሁሉ፣ ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀለበቶች፣ የሰደፉ የብረት ጫማ፣ የማንገቻው ማያያዣ፣ የድሮዎቹ ናቸው። እነሱን አዲስ ማሠራት አያስፈልግም፤ ከዛገ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ማስለቀቅ ይበቃል።

ለቅባቱ ቫርኒሽ አልፈለግሁም። ጦር መሣሪያ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አያምርም፣ ሲጫርም በየቦታው ይላጣል። የተልባ ዘይት ተጠቀምኩ። በስሱ እየቀቡ፣ በመዳፍ እያሹ፣ እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ መደራረብ ሙጫ የመሰለ ሽፋን ይፈጥራል። በመጨረሻ ንጹሕ ሰም በትንሹ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ ወራቱ እንምጣ። እንጨቱን የተረከብኩት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። በጋውን ምንም አልሆነም። ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን፣ ከአባቴ ጋር ይዘነው ወጣን። ቀኑን ሙሉ በማንገቻ ትከሻ ላይ ዋለ። ቀለል ይላል። ዋንዛ ከዋልነት ስለሚቀል ሰደፉ በኩል ክብደት ቀንሷል፣ ስለዚህ ጠመንጃው ወደ አፈሙዙ ያጋድላል። በትከሻ ላይ ሲሆን አይታወቅም። በእጅ ስትይዘው ግን ወዲያው ይታወቃል። አባቴም «ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለ። ትክክል ነው፣ እና ዋልነት ማግኘት የሚችል ሰው በዚህ በኩል ይበልጠኛል።

ፈተናው ክረምቱ ነበር። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ጎንደር ላይ ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም። አብዛኛው አናጺ እንጨቱን ከውጪ ብቻ ነው የሚቀባው። እርጥበት ግን በማይታየው በኩል ይገባል፤ ቱቦው ከሚተኛበት ቦይ፣ ከጥይት መያዣው ቀዳዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰደፉ የብረት ጫማ ሥር፣ ጅማቱ ተቆርጦ ከሚታይበት። እኔ እነዚህን ሁሉ ከገጠማ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በዘይት አጥግቤያቸው ነበር። ነሐሴ ላይ ብሎኖቹን ፈትቼ ብረቱን አወጣሁት። ያለ ግፊያ ወጣ፣ ያለ ግፊያ ተመለሰ። ቦዩ ቀጥ እንዳለ ነው። ቱቦው ሥር ከፊት ቀለበት አጠገብ ትንሽ የዝገት ነጥብ አገኘሁ፤ በዘይት ጠርጌ ለቀቀች።

ያስከፉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የፊት ብሎን ነው። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ብረቱ ቀስ በቀስ ይጫነዋል፣ ብሎኑም ይላላል። ሰኔ ላይ ላልቶ አገኘሁት። ደጋግሞ ማጥበቅ እንጨቱን የበለጠ መጭመቅ ነው። አንድ ብረት ሠራተኛ በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ልኩን ቆርጦ የናስ ቱቦ አስገባልኝ። አሁን ብሎኑ የሚጨምቀው እንጨቱን ሳይሆን ናሱን ነው። ከዚያ ወዲህ አልላላም። ለስላሳ እንጨት የምትጠቀሙ ከመጀመሪያው አሠሩት።

ሁለተኛው ከቱቦው በላይ የምትቀመጠዋ ትንሽ የእንጨት ክዳን ነች። እሷ ከሌላ ቁራጭ ነው የተሠራችው፣ ሳንቃው አልበቃም ነበር። ያ ቁራጭ በደንብ አልደረቀም። ክረምት ላይ አብጣ ቀለበቱን አላሳልፍ አለች፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ተኮማትራ ትንኳኳለች። ቀለሟም ከዋናው እንጨት ፈዘዝ ብሏል።

ዋጋውን ለሚጠይቁኝ፣ ሥራውና እንጨቱ ተደምሮ አንድ ደህና የዋንዛ አልጋ ከሚያወጣው በታች ነው የወጣብኝ። ዋልነቱን ለማስመጣት የጠየቅኩት ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ እሱም ሲመጣ ገና አናጺ እጅ ይጠይቃል።

ለክዳኗ የሚሆን ከዚያው ከፈረሰው ቤት አንድ አጭር ቁራጭ ተገኝቷል። አናጺው ምድጃቸው አጠገብ ሳይሆን ጥላ ሥር አስቀምጠውታል። ጥምቀት ሲያልፍ ይሠሩልኛል።