ከቦሌ ዋሽንግተን፦ በቀጥታ ወይስ በትራንዚት?

እናቴን ወደ ዋሽንግተን ለማስመጣት ቲኬት ስፈልግ ሦስት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። የማየው ዋጋ ብቻ ነበር። አሁን ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው "ተጓዡ ማነው?" ብዬ ነው።

ከቦሌ እስከ ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ መምጫው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። መመለሻው ግን 13 ሰዓት አካባቢ ነው። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅም ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። የሚያርፍበት ከተማ ይቀያየራል፤ ደብሊን ሆኖ ያውቃል፣ ሎሜም። ከደለስ ሲነሳ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

ለነዳጅ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫ መነሳት የለም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታ፣ ማረፉንም መነሳቱንም አልሰማችም። እንግሊዝኛ ለማይችል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለወላጅ ከሆነ ሁለት መቶ ዶላር ቢጨምርም እኔ ሌላ አልመርጥም።

በፍራንክፈርት በኩል ርቀቱ 11,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙም አይጨምርም። በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜም 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ኤርፖርት ላይ የምትጠብቀው ሰዓት ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚያ ለማለፍ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን ይቀርለታል።

ኢስታንቡል 12,100 አካባቢ ነው። መጀመሪያ አጭር በረራ፣ ቀጥሎ 11 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ረጅም በረራ። ብቻውን ለሚጓዝ ወጣት፣ ዋጋው ከቀነሰለት ጥሩ ምርጫ ነው።

ዱባይ? መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ዞረህ ወደ ምዕራብ። ወደ 13,900 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁለተኛው በረራ ብቻውን 14 ሰዓት ያልፋል። እዚያ የምታያት እህት ከሌለችህ አልመክርህም።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምት 8፣ በበጋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው (ወቅቱ የአሜሪካው ነው)። ስለዚህ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቀንሰህ ርዝመቱን አታስላ፤ ያታልልሃል። ትኬቱ ላይ "ጠቅላላ የጉዞ ጊዜ" የሚለውን ፈልግ። መምጫውንና መመለሻውንም ለየብቻ እይ።