ነሐሴ 7 ማታ ለደረሱልን የጎንደር ቀይ መስቀል አምቡላንስ ልጆች

ይህን ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። እጄን የያዘኝ እፍረት ነው፤ እህቴንና የ12 ቀን ልጇን ሞት አፋፍ ያደረሳቸው እኔው በእጄ ተሸክሜ ያስገባሁት የከሰል ምድጃ ነውና። እህቴ ግን "እነሱን ሳታመሰግን ዓመቱ እንዳይለወጥ" አለችኝ፤ ይኸው።

ቤታችን ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ነው። ሰፈሩን በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በእኛ ቤት ደግሞ አራስ የተኛችበት ክፍል ብርድ እንዳይመታት፣ ምች እንዳያገኛት ተብሎ በሩም መስኮቱም አይከፈትም። የዚያን ቀን መብራት ከቀትር ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እናቴ "ልጄ፣ ትንሽ ፍም አስገባላት፣ የሕፃኗም እግር ቀዝቅዟል" አለችኝ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጠልሁት፤ ጭሱ እስኪያልቅ አራገብሁት፤ ቀልቶ ፍም ሲሆን አስገብቼ ከአልጋው ግርጌ አኖርሁት። ማምሻውንም አንድ ጊዜ ጨመርሁበት። ጭሱ ካለቀ ጉዳቱም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ እናቴ ገንፎ ይዛ ገባች። እህቴን "ተነሺ" ብትላት አትነሳም። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድነዋለች፤ ትራሱ ላይ ትንሽ አስመልሷታል። እናቴ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ሎሚ ይላል፣ አንዷ ወተት እናጠጣት ትላለች፣ ሌላዋ ጸበል ትረጫለች። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ለአንዳቸውም ክፉ ቃል የለኝም። እኔ ስልኬን ይዤ ለማን እንደምደውል ጠፍቶኝ ቆሜአለሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ገና ተማሪ ነው፣ "907 ደውል፣ ቀይ መስቀል ነው" አለኝ። ትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ ስለነበረ ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ እየጮህሁ ነው፣ እሷ አትጮህም። "ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ክፍሉ ውስጥ እሳት አለ? ከሰል?"

"አለ።"

"ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን አለ?"

ሕፃኗ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለችን። ከእናቷ ጎን በጋቢ እንደተጠቀለለች ነበረች። ያ ሁሉ ጩኸት አልቀሰቀሳትም። ዝም ስላለች የተኛች መስሎን ሁላችንም እናቷን ብቻ እያየን ነበር።

"ሁለቱንም አሁኑኑ ወደ ደጅ አውጧቸው። በሩንም መስኮቱንም ክፈቱት፣ ማንም እዚያ ውስጥ እንዳይቆይ። በጎኗ አስተኟት። በአፏ ምንም አትስጧት፣ ወተትም ውሃም ቢሆን፤ ራሷን በደንብ ስላላወቀች ወደ ሳንባዋ ይገባል።" እናቴ ይህን ስትሰማ "በዚህ ብርድ አራስ ደጅ?" ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ሰማቻት። "እናቴ፣ ብርዱን በጋቢ ይከልሉላታል። አየሩን ግን ሌላ የሚሰጣት የለም" አለቻት። እናቴ ከበሩ ዞር አለች። በረንዳው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ሕፃኗ ትንሽ ቆይታ አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማች፤ ያንን ድምፅ መግለጽ አልችልም።

አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። ለእኔ ግን የዳኑት ያን ጊዜ ነው፣ በስልክ።

ወዲያው ሹፌሩ በራሱ ስልክ ደወለልኝ። "ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነህ በላይ? ዋናው መንገድ ላይ ባትሪ የያዘ ሰው አቁምልኝ፣ እኔን ሲያይ ያወዛውዘው።" እዚህ ከተማ ቤት በቁጥር እንደማይገኝ ያውቃል። ያ ተማሪ በጃንጥላና በስልኩ መብራት ሄዶ ቆመ። መኪናው ጠባቧ መንገዳችን ስለማታስገባው ቃሬዛውን ተሸክመው በእርጥቡ ድንጋይ ላይ በእግራቸው ወጡ።

ከሹፌሩ ጋር የነበረው ባለሙያ ወጣት ነው። እህቴ ጣት ላይ ያንን የሚቆነጥጥ የኦክስጅን መለኪያ አደረገባት፣ 98 አነበበ። እኔ "ደህና ናት!" አልሁ። ቀና ብሎ አየኝና "ወንድሜ፣ በከሰል ጊዜ ይህን ቁጥር አንመነውም። መሣሪያው ኦክስጅኑንና የከሰሉን ጋዝ መለየት አይችልም፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚያነበው" አለኝ። ይህን እያለ እጁ አልቆመም፤ ከረጢት ያለውን ማስክ አጥልቆላት ኦክስጅኑን ከፈተ። ትንሹን ለሕፃኗ አደረገላት። ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞረ፦ "እማማ፣ እርስዎስ? ራስዎን ያምዎታል?" እናቴ ከቀትር ጀምሮ አራስ ስትጠብቅ እዚያው ክፍል ነው የዋለችው፤ ራስ ምታቱን የጾሙ ነው ብላ ዝም ብላዋለች፣ ፍልሰታ ነበርና። እሷንም አምቡላንሱ ላይ አሳፈራት። እኛ እናቴ አሟታል ብለን አላሰብንም ነበር።

ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ሦስቱም ሌሊቱን ኦክስጅን ላይ አደሩ። ተረኛው ሐኪም ለእኔ ጊዜ ሰጥቶ ያስረዳኝን እጽፈዋለሁ፣ ሰው እንዲያውቀው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላም መውጣቱን አያቆምም፤ እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ጋዙ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ አየሩ ግን ለአንጎሉና ለልቡ አይደርስም። ንጹሕ አየር ብቻ ከተነፈሰ ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ያ ወጣት ባለሙያ የመለኪያውን ቁጥር ሳያምን ማስኩን በረንዳችን ላይ ማጥለቁ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። 98ን አምኖ "ደህና ናት፣ ትረፍ" ብሎን ቢሄድ እኛም እናምነው ነበር።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፦ ምልክቱ ይኸው ነው፤ በአራስ ላይ ሲታይ ደግሞ የወሊድ ድካም ይመስላል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ምድጃውን ተጠራጠሩ። ቡና ስታፈሉም በሩን ገርበብ አድርጉት። አራስ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ በእኔ ይብቃ፤ ብርዱን በልብስ፣ በብርድ ልብስ፣ በሙቅ ውሃ ጎማ አሳልፉት።

907ን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ለእናቶቻችሁም ስልክ ላይ መዝግቡላቸው፣ ስሙን "አምቡላንስ" ብላችሁ በአማርኛ። ስትደውሉ ቶሎ አትዝጉት፤ እሷ ስትጠይቅ መልሱ፣ ጥያቄዋ ራሱ እርዳታ ነው። ቤታችሁን በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በወፍጮ ቤት ግለጹላቸውና ሰው ወደ መንገድ ላኩ። ለቀልድ የሚደውሉ ልጆች እንዳሉም ሹፌሩ ሲመለስ ነግሮኛል፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። ልጆቻችሁን ምከሩልኝ።

መንገድ ስለመልቀቅም አንድ ነገር ልበል። በ2012 ጥምቀት የእንጨቱ ርብራብ የተደረመሰ ዕለት ጥምቀተ ባሕሩ አካባቢ ነበርሁ። አምቡላንሶቹ በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ እርምጃ ለማለፍ ሲለምኑ አይቻለሁ፤ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ሲከፍቱላቸውም አይቻለሁ። ያን ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። ነሐሴ 7 ማታ ከኋላ ከእህቴ ጋር ተቀምጬ፣ ከፊታችን ያለ ባጃጅ ዳር ሲይዝልን በመስኮት ሳይ፣ ያንን የማላውቀውን ባለባጃጅ መረቅሁት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ለሹፌሩ ያለኝን ብር ላስይዘው ብል እጄን መልሶ "ለአራሷ ሾርባ ግዛበት" አለኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጻፍሁም። እናንተ ግን ይህ ስለ እናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ስልኩን ያነሳሽው እህቴ፣ በዝናብ አቀበቱን የወጣኸው ጋሼ፣ ቁጥሩን ያላመንኸው ወንድሜ፣ ዕድሜያችሁን ያርዝመው። ሌሊቱን ከአልጋው ያልራቃችሁት የሆስፒታሉ ሲስተሮችም እንዲሁ። ያ የጎረቤቴ ልጅም፣ በጃንጥላ የቆምኸው፣ አንተን እናቴ በየቀኑ ነው የምትመርቅህ።

እናቴ ደህና ናት። እህቴ ጥቂት ቀን ራሷን ሲያዞራት ቆይቶ ለቀቃት። ሕፃኗ ጡቷን በደንብ ትጠባለች፣ ሐኪሙም ለክትትል ቀጠሮ ሰጥቷታል። ሰማንያዋ ጥቅምት 9 ይሞላል። ለክርስትናዋ ሦስቱንም ጠርተናቸዋል፤ "ተረኛ ካልሆንን እንመጣለን" ብለውናል። ተረኛ ከሆኑም ድፎ ዳቦውን ይዤ እኔ እሄዳለሁ።