ነጩ የመዥገር መድኃኒት ሲመዘን፦ አሚትራዝ 12.5 በመቶ

ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች "የመዥገር መድኃኒት" ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይሰጠዋል፦ አሚትራዝ፣ ዲያዚኖን ወይም አይቨርሜክቲን መርፌ። ለጎጃም ከብት የእኛ ቀዳሚ ምርጫ አሚትራዝ ነው። "ውኃ ሆኗል፣ መዥገሩ ለምዶታል" እየተባለ በየገበያው የሚታማውም እሱው ነው። መላመድ እውነት አለ፣ በተለይ በሰማያዊው መዥገር ላይ። ግን መድኃኒቱን ከመክሰስ በፊት ልኩን መጠየቅ ይቀድማል።

ልኩ በአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ነው። በ16 ሊትሩ የጀርባ መርጫ 32፣ በ20 ሊትሩ 40 ሚሊ ሊትር ይገባል። "አንድ ክዳን" መለኪያ አይደለም፤ የክዳን ስፋት ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። መርፌው የወጣለት የ10 ሚሊ ስሪንጅ ይበቃል። መጀመሪያ መድኃኒቱን በጥቂት ውኃ በጥብጦ፣ ከዚያ መርጫውን መሙላት ነው። ድብልቁ እንደ ወተት መንጣት አለበት፤ ካልነጣ ወይም ዘይቱ ላይ ከተንሳፈፈ ጠርሙሱን ተጠራጠሩ። የተበጠበጠው ለነገ አይተርፍም። አሚትራዝ ውኃ ውስጥ ሲያድር ይፈርሳል፤ ውኃው አሲድነት ካለው ደግሞ ይብሳል። ትላንት የተረፈውን ዛሬ የረጨ ሰው መዥገሩን ያጠበው በውኃ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቁጠባ ነው። አንድ ሙሉ በሬ በደንብ እንዲርስ 4 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 16 ሊትሩ ለአራት በሬ ነው እንጂ ለአሥራ ሁለት አይደለም። ጀርባና ጎኑ ብቻ ረጥቦ ውኃው ከሆዱ ሥር ካልተንጠባጠበ ሥራው አልተሠራም፤ ክፉው መዥገር የሚቀመጠው ታች ነውና። አምብልዮማ ቫሪጌተም የሚባለው፣ ወንዱ ጀርባው ላይ በደማቅ ቀለም ያጌጠው፣ ጡት፣ ቆለጥ፣ ፍርምባ ሥርና ብብት ይወዳል። አፉ ረጅም ስለሆነ የሚተወው ቁስል ያመረቅዛል፤ የላሟን ጡት የሚያደርቀውና የቆዳውን ዋጋ የሚያወርደውም ይኸው ነው። እግረ ቀዩ መዥገር ደግሞ በልጅነቱ ጆሮ ውስጥ፣ ካደገ በኋላ ጭራ ሥር ይገኛል። የመርጫውን አፍ ከታች ወደ ላይ አዙሮ፣ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መርጨት። ጆሮውንና ጭራ ሥሩን በጓንት፣ በጨርቅ መቀባት ይሻላል።

በስንት ቀን? ይህን የሚወስነው መዥገሩ ነው። ሰማያዊው መዥገር ከእጭነት እስከ ጉልምስና በአንድ ከብት ላይ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚቆይ በየሦስት ሳምንቱ መርጨት ሊበቃው ይችላል። አምብልዮማ ግን በየዕድሜው ከብት ይቀይራል። ጎልማሳዋ ሴት በሳምንት ወይም ትንሽ ዘግይታ ደም ጠግባ ትወድቅና በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ዝናብ ከጀመረ በኋላ በየሳምንቱ፣ ቢዘገይ በየሁለት ሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል። በክረምት ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ይረጭ፤ ፀጉሩ ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ከብቱ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ የጠማው ገላውን ይልሳል።

የአሚትራዝ ትልቁ ጉድለት አንድ ነው፦ በጋማ ከብት ላይ አይረጭም። የፈረስን አንጀት ሥራ አስቁሞ በሆድ ድርቀትና በቁርጠት ሊገድል ይችላል። ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ ለሚወጣው የአገው ፈረሰኛ ይህ ጨዋታ አይደለም። በሬ የረጨ ሰው በተረፈው "በቅሎዋንም ላዳርሳት" አይበል።

ዲያዚኖን 60 በመቶ (ልኩ በሊትር 1 ሚሊ) መዥገርን ይገድላል፤ ቅማልና ቁንጫ ላይም ይሠራል። ነገር ግን ንብ ይፈጃል። ጓሮው ቀፎ ለተሰቀለበት የጎጃም ቤት ይህ ብቻውን አሚትራዝን ያስመርጣል፤ አሚትራዝ ለንብ የዋህ በመሆኑ በሌላው ዓለም የንብ ተባይ ማጥፊያ ተደርጎ ይሠራበታል። ለሰብል የተዘጋጀ ዲያዚኖን ደግሞ ጨርሶ ከብት ላይ አይደርስም። አይቨርሜክቲን (ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ፣ ከቆዳ ሥር) ሰማያዊውን መዥገር ይቀንሳል፣ አምብልዮማን ግን እምብዛም። ለምትታለብ ላም አይሆንም።

ሲገዙ ከፋብሪካ የታሸገውን፣ ቀኑ ያላለፈውን ይምረጡ። በውኃ ፕላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጠውን አንመክርም፤ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ልጅም ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። የጠጣ ሰው ይፈዝዛል፣ የልቡ ምት ይዘገያል። ማሟሟቻው ሳንባ ስለሚጎዳ አያስታውኩት፤ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ። ጤፉን ፀረ አረም የረጩበት መርጫም ለከብት አይሁን።

ውጭ ያሉ ዘመዶች "ላይም የሚባለው በሽታ ከከብቶቻችን መዥገር ይይዛል?" እያሉ ይጠይቃሉ። ላይም ስሙን ያገኘው አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ካለች ከተማ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ተመራማሪው ዊሊ ቡርግዶርፈር ማግኘታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አስተላላፊው ኢክሶዲስ የሚባል የመዥገር ወገን ነው፤ እዚህ በከብት ላይ የምናያቸው ሦስቱ ከዚያ ወገን አይደሉም። የባክቴሪያው ዘመድ አገራችን ውስጥ አለ፣ የሚያገረሽ ትኩሳት ያመጣል፤ ተሸካሚው ግን የገላ ቅማል ነው። የሚገርመው፣ እኚሁ ቡርግዶርፈር ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን መዥገሮች የመረመሩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመው ነበር። አምብልዮማ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት። በዶክሲሳይክሊን ይታከማል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ መዥገር እንደነከሰዎት ይንገሩት። ሰው ላይ የተጣበቀውን በጋዝ፣ በቅቤ ወይም በእሳት ማስጨነቅ አያስፈልግም። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ ቦታውን በሳሙና ማጠብ። በጥፍር ሲጨመቅ ግን የሆዱን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ይተፋል።